ሰው የማያየው ሥራ

የሰው ዓይን በማይደርስበት ስፍራ ሥራን አሳምሮ መሥራት ትጋት ነውን ወይስ ከንቱ ድካም? ጥያቄው ሥራ ያለውን ሰው ሁሉ የሚመለከት ነው። ነገር ግን ታላቁ ነገር በታናሹ ሲመረመር ይቀላልና እኛ በሰዓት እንመርምረው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ውድ ሰዓት የሚሰበስቡ ሰዎች አንዱን ሰዓት ሲመዝኑ አስቀድመው ገጹን ያያሉ። ቍጥሩ ከስፋቱ ጋር የተመጣጠነ እንደ ሆነ፥ ጠቋሚዎቹ እስከ ምልክታቸው የሚደርሱ እንደ ሆነ፥ ውፍረቱም ለእጅ የሚስማማ እንደ ሆነ ይመረምራሉ። ከዚህ በኋላ ገልብጠው የሆድ ዕቃውን በማጉያ መነጽር ይመለከታሉ። በዚያ የተጠቀለለ ሞላ አለ፤ ሞላው ሲፈታ ባለ ጥርስ መንኮራኩሮችን ይገፋል፤ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘውም ሚዛን የሞላው ኀይል በአንድ ጊዜ እንዳያልቅ እየቈጠረ ያሳልፈዋል። ይህ ሚዛን በቀድሞዎቹ ሰዓቶች አብዛኛውን ጊዜ በስድሳ ደቂቃ 18,000፥ በዛሬዎቹም በብዙዎቹ 28,800 ጊዜ ይመታል።

አዋቂ ሰብሳቢ ግን በመምታቱ ብቻ አይረካም፤ የብረቱ ጠርዝ በሰያፍ ተሞርዶ እንደ መስተዋት መወልወሉን ይሻል። ይልቁንም ሁለት ጠርዞች ወደ ውስጥ የሚገናኙበትን ማዕዘን ይመለከታል፤ የሚሽከረከር መሣሪያ ያን ማዕዘን ያዶለዱመዋል እንጂ ሊያሾለው አይችልምና፥ የሾለው ማዕዘን የሰው እጅ ምስክር ነው። በስዊስ አገር ቫሌ ደ ዡ በሚባለው ሸለቆ የሚታወቀው ፊሊፕ ዱፉር በ2000 ዓመት ያወጣው «ሲምፕሊሲቲ» የተባለው ሰዓት ሰዓትን፥ ደቂቃንና ሰከንድን ከማመልከት በቀር ሌላ ተግባር የለውም። ሰብሳቢዎች ግን ስለ ውስጡ ውልወላ እጅግ ይፈልጉታል።

በዚህ ላይ ተቃዋሚ ተነሥቶ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «ሰዓት የተሠራው ጊዜን ለማስታወቅ ነው። ከታኅሣሥ ወር 1969 ዓመት ጀምሮ፥ የጃፓኑ ሴይኮ የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ካወጣ ወዲህ፥ የጊዜው ነገር ተፈጽሟል። ዛሬ የተለመደው ኳርትዝ በአንድ ሰከንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል፤ በጥቂት ብር የተገዛውም በወር 15 ሰከንድ ያህል ቢስት ነው። በስዊስ ተፈትኖ የተመሰከረለት ባለ ሞላ ሰዓት ግን በቀን እስከ 6 ሰከንድ ሊቀድም፥ እስከ 4 ሰከንድም ሊዘገይ ይፈቀድለታል። እንግዲህ ድኻ እየተራበ ለማይታይ ጠርዝ ወርቅ ማፍሰስ ምን ይባላል?»

ይህ ነገር በግማሹ እውነት ነው፤ በገንዘቡ ነገር ገዢው ራሱ መልስ ይስጥ፤ የሠሪው ትጋት ለእርሱ ጠበቃ አይሆነውም። ነገር ግን ጥቅም የሚመዝነው ሥራው ለሌላው የሚሰጠውን እንጂ ሠሪውን ምን እንዳደረገው አይደለም። ዓይን በሌለበት የሚሰንፍ ሠራተኛ ጌታው ዓይን ነው፤ በሚታየው ስፍራ ያሳመረውም ቢሆን ሽንገላ እንጂ ትጋት አይባልም። ስለዚህ የተሰወረው ክፍል የሚታየውን ክፍል ይመሰክርለታል ወይም ይመሰክርበታል።

በቅኔ ቤት ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ያላገኘ ተማሪ ቅኔውን ሰማ አይባልም። የሰዓቱም ገጽ እንደ ሰም፥ የሆድ ዕቃው እንደ ወርቅ ነው ብንል ያስኬዳል፤ ዳሩ ግን ልዩነት አለው። የቅኔ ወርቅ የሚሰወረው ተፈልጎ እንዲገኝ ነው፤ እውነተኛ ሠሪ ግን ማንም ባያገኘውም ይወለውላል። ዛሬ የብዙ ውድ ሰዓት ጀርባ በመስተዋት ስለ ተሠራ ቀድሞ ስውር የነበረው ለትርኢት ሆኗል። ብሬጌ በ1801 ዓመት የፈጠራ መብት ያገኘበት ቱርቢዮንም እንደዚሁ ነው። በኪስ ውስጥ ቆሞ የሚውለው ሰዓት በክብደት ምክንያት እንዳይስት፥ ሚዛኑን በቤቱ ውስጥ እያዞረ ስሕተቱን እንዲያካክስ ታሰበ፤ ሁልጊዜ በሚንቀሳቀስ እጅ ላይ ግን ጥቅሙ ጥቂት ስለ ሆነ፥ አሁን ብዙዎች በገጹ ላይ መስኮት ከፍተው ያሳዩታል። እንግዲህ ሠሪው የሚፈተነው መስተዋቱም መስኮቱም በማያሳዩት፥ ከገጹ በታች በተሸሸገው ብረት ነው። ያን የሚያየው ከብዙ ዓመት በኋላ ለጥገና የሚፈታው ባለሙያ ብቻ ነው።

ይኸው ብሬጌ በ1783 ዓመት ለፈረንሳይ ንግሥት ለማሪ አንቷኔት የዘመኑን ጥበብ ሁሉ የያዘ ሰዓት እንዲሠራ ታዘዘ። ንግሥቲቱ በ1793 ዓመት በሞት ተቀጣች፤ ሠሪውም በ1823 ዓመት ዐረፈ፤ ሰዓቱ በ1827 ዓመት ተፈጸመ። የታሰበላት አላየችውም፤ የጀመረውም ፍጻሜውን አላየም፤ ሥራው ግን አልተጓደለም። በ1983 ዓመት ከኢየሩሳሌም ቤተ መዘክር ተሰረቀ፤ ከብዙ ዓመትም በኋላ ተመለሰ። በሌባ እጅ ሳለ፥ ከትዕግሥቱ ወደ ሌባው የተላለፈ አንዳች የለም።

በዋጋ የገዛውስ ምን የተለየ አገኘ? ዕቃውን ገዛ እንጂ የሠሪውን ትጋት አልገዛም፤ ትጋት ከሠሪው ጋር ይቀራልና። ስለዚህ የተሰወረውን ጠርዝ የሚያደንቅ ሁሉ አድናቆቱን ወደ ራሱ ሥራ ይመልሰው፤ በማንም ፊት ባልቆመበት ሰዓት የሠራውንም ገልብጦ ይመልከት።