መክሊቱን የቀበረው ማን ነው?

በወንጌል ከተነገሩት ምሳሌዎች መካከል የመክሊቱን ያህል መምህርን ሊያስፈራ የሚገባው ሌላ ያለ አይመስለኝም። ጌታው ለአንዱ አምስት፣ ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱ አንድ አድርጎ እንደየዓቅማቸው ባከፋፈላቸው ጊዜ፣ ያችን አንዷን ወስዶ በምድር የቀበራት ራሱ ተቀባዩ ስለ ነበረ፣ ፍርዱም በእርሱ ላይ ወደቀ። ዳሩ ግን የስድስት ዓመት ሕፃን፣ የተሰጠውን ጸጋ ገና ስሙን እንኳ ሳያውቀው፣ ሌላ ሰው «ይህ ልጅ አይገባውም» ብሎ ቢቀብርበት ተጠያቂው ማን ይሆን?

ሊቃውንቶቻችን ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት ብለው ሲያስተምሩ፣ ማስተዋልንና መናገርን ለየብቻ አቁመዋቸዋል፤ ትምህርት ቤት ግን፣ የቄሱም ሆነ የመንግሥቱ፣ ብዙውን ጊዜ የሚመዝነው ንግግሩን ብቻ ነው። ከጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ከአሰላ ዙሪያ መንደሮች ካንዱ የመጣ እረኛ ልጅ ከአንድ እስከ ሃያ ቁጠር ቢሉት ዐሥራ ሦስት ላይ ይደናቀፋል፤ ማታ ግን በጎቹ ወደ ጉረኖ ሲገቡ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ምንም ሳይቆጥር፣ ጆሮዋ የተቀደደው ዳልቻዋ ጠቦት መቅረቷን ያውቅና ሊፈልጋት ወደ ገደሉ ይመለሳል። በዘውዱ ዘመን ደግሞ ትምህርቱ በአማርኛ ይሰጥ ስለ ነበረ፣ በቤቱ ኦሮምኛ ብቻ የሚናገር የአርሲ ልጅ ዝም ያለ እንደ ሆነ ዝምታው ድንቁርና ሆኖ ይቆጠርበት ነበር፤ በገዛ ቋንቋው መማር ከተጀመረ ወዲህ ያ ድንቁርና ወዴት እንደ ሄደ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም።

የቅዱስ ያሬድን ታሪክ የማያውቅ የለም። እንደ ትውፊቱ፣ በአክሱም በአጎቱ በአባ ጌዴዎን ዘንድ ትምህርት አልገባው ብሎ ተገርፎ ኮበለለ፤ ትሏ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ዛፉን ስትወጣ አይቶም ተጽናንቶ ተመለሰ። ይህንን የምንተርከው ትዕግሥትን ለማስተማር ነው፤ መልካም ነው። እኔ ግን ትሏን ትቼ መምህሩን እመለከታለሁ፤ በንባብ ሲመዘን ሰነፍ የተባለው ያ ብላቴና ግእዝን፣ ዕዝልንና አራራይን ሊደርስ የተመረጠ ነበርና፣ አለንጋ የያዘው ሰው በፊቱ የቆመውን የዜማ ጆሮ አላየውም። (አባ ጌዴዎንን መውቀሴ አይደለም፤ በእጃቸው የነበረው ሚዛን አንድ ብቻ ነበር።) ቤተ ክርስቲያን ኋላ ዜማ ቤቱን፣ አቋቋሙን፣ ቅኔ ቤቱንና መጻሕፍት ቤቱን ለየብቻ ብታደራጅም፣ የሁሉም በር ንባብ ቤት ሆኖ ቀረ።

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ሃዋርድ ጋርድነር እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመው መጽሐፉ የሰው ብልኅነት አንድ ሳይሆን ሰባት ነው ብሎ፣ ከቋንቋውና ከስሌቱ ጋር የዜማውን፣ የአካሉን፣ የቅርጽና የቦታ ማስተዋሉን፣ ሰውን መረዳትንና ራስን ማወቅን ዘረዘረ፤ ኋላም ፍጥረትን መለየትን ስምንተኛ አድርጎ ጨመረ። ከሙያ ባልንጀሮቹ ብዙዎቹ፣ ያለ በቂ ማስረጃ ተሰጥኦን ሁሉ ብልኅነት ብሎ ሰየመ ሲሉ ተቃውመውታል፤ ክርክራቸውም ከንቱ አይደለም። እኔ የምፈራው ግን ሌላ ነው። እረኛው ልጅ ፍጥረትን የሚለይ ብልኅ ነው ተብሎ ከተመሰገነ በኋላ፣ እንግዲያስ ንባብ ምን ያደርግለታል ተብሎ ከበጎቹ ዘንድ ቢተው፣ ያው ምስጋናው መቀበሪያው ይሆናል።

የመምህር ዓይን ምን ሊሠራ እንደሚችል ከአሰላ በስተ ደቡብ ያለችው በቆጂ ትመሰክራለች። በዚያ የአንደኛ ደረጃ የስፖርት መምህር የነበሩት ስንታየሁ እሸቱ፣ ሌላው ሰው እንደ ልጆች ጨዋታ ያየውን ሩጫ ልብ ብለው ተመለከቱት፤ ካሠለጠኗቸው ልጆች አንዷ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ አገኘች፤ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባም ከዚያው ወጡ። ነገር ግን ዝና ደግሞ በተራው ሚዛን ይሆናል፤ በበቆጂ ተወልዶ እግሩ የማይፈጥን ልጅ፣ ሌላ ቦታ ፊደል ያቃተው ልጅ የሚሰማውን ዓይነት ኀፍረት ቢሰማው አይገርመኝም።

የአፀደ ሕፃናት መምህርት የጋርድነርን ዝርዝር በቃሏ ትያዝ አልልም፤ በመዝገቧ ላይ ከየልጁ ስም አጠገብ፣ በቃል ከሚጠየቀው ውጭ ያየችበትን አንድ ነገር ብትጽፍ ይበቃል። ይህንን ለማድረግ ግን የልጆቹ ቁጥር በዓይን የሚዳረስ መሆን አለበትና፣ ክፍሉን ከልክ በላይ ያጨናነቀው አስተዳደርም ከመምህርቷ ጋር አብሮ ይጠየቃል።