ተነሥታችሁ ያዙት

ልጆቼ፣ በካምፓላ የምትኖሩ ወጣቶች፣ የኪራዩን፣ የሥራውንና የመኖሪያ ወረቀቱን ጭንቀት አውቀዋለሁ። ስለ እርሱ ሌላ ቀን እንነጋገራለን። ዛሬ የምናገረው ስለ ውሾቻችሁ ነው። ነገሩ ትንሽ የሚመስለው ቢኖር እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ።

ከካባላጋላ እስከ ካንሳንጋ፣ ከዚያም እስከ ሙየንጋ ኮረብታ ድረስ የማላንኳኳው የሐበሻ በር ጥቂት ነው። ለቅሶ አለ፣ ክርስትና አለ፣ የታመመ መጠየቅ አለ። በየበሩም ውሻ አለ። ሌባ ስላለ ውሻ መያዛችሁን አልነቅፍም። የምነቅፈው ሌላ ነው። አንዲት ሽማግሌ ሴት ከብረቱ በር ቆማ ትጣራለች፤ ውሻው ሰንሰለቱን ሊበጥስ ደርሷል፤ አፉ አረፋ ደፍቋል፤ ከውስጥ ግን ስልኩ ላይ ያቀረቀረ ጎረምሳ ሳይነሣ «አይነካም፣ ግቡ!» ይላል።

አይነካም! ይህን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። እርሱን አይነካ ይሆናል፤ እርሷን እንደማይነካ በምን አወቀ? በአገራችን እንግዳ ከሩቅ ሆኖ «ውሻ ያዙ!» ብሎ ሲጣራ ከቤቱ ልጆች አንዱ እየሮጠ ይወጣ ነበር። ውሻውን በአንገቱ ይዞ፣ በሌላው እጁ እንግዳውን እየመራ ያስገባል። ይህን ያላደረገ ልጅ ከእናቱ ተግሣጽ አያመልጥም። እናንተ ግን ውሻውን ለዘበኛው አሳልፋችሁ ሰጥታችሁ፣ እንግዳውንም ለውሻው ሰጥታችሁ ተቀመጣችሁ። ይህ ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም አላወጣለትም።

ከዚህ የሚከፋው ደግሞ እንግዳዋ እየተንቀጠቀጠች ከገባች በኋላ የሚሆነው ነው። ያ ጎረምሳ አሁን ይነሣል፤ የሚነሣው ግን ዱላ ይዞ ነው። «ለምን አሳፈርከኝ» እያለ እንስሳውን ይገርፋል። ውሻው የሚረዳው ይህን አይደለም። ውሻው የሚረዳው «እንግዳ በመጣ ቁጥር ሕመም ይመጣል» የሚለውን ነው። በሚቀጥለው እሑድ ሌላ እንግዳ ሲመጣ ከቀድሞው ብሶ ይነሣል። እናንተም «ይህ ውሻ ክፉ ነው» ትላላችሁ።

ክፉ አይደለም፤ ፈሪ ነው። ጭራውን በእግሮቹ መካከል ሸጉጦ፣ ጆሮውን ወደ ኋላ አጥፎ፣ የዓይኑን ነጭ እያሳየ የሚጮኽ ውሻ «ራቁልኝ» እያለ ነው። የበለዓምን አህያ አስታውሱ። ሦስት ጊዜ ተደበደበች፤ የፈራችው ግን ጌታዋ ያላየውን፣ ሰይፍ መዝዞ በመንገድ የቆመውን መልአክ አይታ ነው። መልአኩም የወቀሰው በለዓምን እንጂ እርሷን አይደለም። ማጉረምረም ማስጠንቀቂያ ነው። በዱላ ዝም ያሰኛችሁት ውሻ ፍርሃቱ አልጠፋም፤ የጠፋው ማስጠንቀቂያው ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለው ውሻ ሳያጉረመርም ይነክሳል።

ፍርሃቱ ከየት መጣ? አብዛኛውን ጊዜ ከእናንተው ግቢ ነው። ቡችላ የሰውን ዘር የሚለምደው በተለይ ከተወለደ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ዐሥራ ሁለተኛውና ዐሥራ አራተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ሰው ሳይነካቸው እስከ ዐሥራ አራተኛው ሳምንት ያደጉ ቡችሎች እንደ ዱር አራዊት ሰውን ሸሽተው እንደቀሩ አሳይቷል። እናንተም ቡችላውን ገዝታችሁ ከግቢው ጓሮ ታስሩታላችሁ፤ «ጨካኝ ይሁን፣ ሰው አይልመድ» ትላላችሁ። ከዓመት በኋላ ሰው አለመልመዱ ያስገርማችኋል። ሰንሰለቱም ነገሩን ያባብሰዋል፤ መሸሽ የማይችል ፈሪ ምርጫው መናከስ ብቻ ነው። ለሌባም ቢሆን በድምፁ የሚያስነሣችሁ ውሻ ይበቃችኋል፤ እንግዳን ሁሉ የሚዘነጥል አያስፈልጋችሁም።

በልጅነቴ፣ በጎጃም፣ ከደጀን ብዙ በማይርቅ መንደር፣ አያቴ እረኞች በድንጋይ የቀጠቀጡትን አንድ ውሻ አስጠግታ ነበር። ሰው ከሩቅ ሲያይ ይንቀጠቀጣል፤ ቀረብ ሲል ይወረወራል። አያቴ አልመታችውም፤ አላሰረችውምም። ከደጅ ተቀምጣ በነጠላዋ ጫፍ ቂጣ ትቋጥራለች። ከታች በመንገዱ ሰው ብቅ ሲል፣ ውሻው አይቶ ገና ሳይጮኽ፣ ቂጣውን ቆረስ አድርጋ ትጥልለታለች። ሰውየው ከቁልቋሉ አጥር ጀርባ ሲሰወር ቂጣው ይቆማል። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አይ ነበር። ክረምቱ አልፎ መስቀል ሲደርስ፣ ያ ውሻ መንገደኛ ባየ ቁጥር ዞሮ የአያቴን እጅ ያይ ጀመር። የሰው መምጣት ለእርሱ የምሥራች ሆኖለት ነበር። እግዚአብሔር ነፍሷን ይማርና፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ስትቆጣው አንድም ቀን አልሰማሁም።

አያቴ መጽሐፍ አላነበበችም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ምሁር ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የሚባል ሕፃን የፈወሰችው በዚሁ መንገድ ነው። ሕፃኑ የሚወደውን ሲበላ ጥንቸሉን ከሩቅ ታመጣለች፤ ሲረጋጋ ትንሽ ታቀርባለች፤ በመጨረሻ ሕፃኑ ጥንቸሉን ዳሰሰው። ዛሬ የፈሪ ውሻ አሠልጣኞች የሚሠሩትም ከዚህ አይለይም።

እንግዲህ ስሙኝ፣ ሥራው ይህ ነው። በመጀመሪያ ርቀቱን ፈልጉ፦ ውሻው ሰውን አይቶ ገና የማይጮኽበት፣ ምግብም የሚቀበልበት ቦታ የት ነው? ከዚያ ጀምሩ። የሚገነፍል ወተት ከእሳት የሚወርደው ሳይገነፍል ነው፤ ውሻውም ከነደደ በኋላ የሚማረው ነገር የለም፤ ወደ ኋላ አርቁት እንጂ። ሁለተኛ፣ ቅደም ተከተሉን አታዛቡ፤ በመጀመሪያ ሰው ይታያል፣ ከዚያ ምግብ ይመጣል። ምግቡን ቀድማችሁ ካሳያችሁት ምግቡ የአደጋ ምልክት ይሆንበታል። ሦስተኛ፣ እንግዳው ውሻውን አፍጥጦ አይየው፣ አያጎንብስበት፣ እጁንም በራሱ ላይ አይዘርጋ፤ ጎኑን ሰጥቶ ይቁም። ምግቡን የምትሰጡትም እናንተ እንጂ እንግዳው አይሁን። አራተኛ፣ ምላሱን በአፍንጫው ላይ ካመላለሰ፣ ሳይደክመው ካዛጋ፣ ፊቱን ካዞረ ወይም ሰውነቱ ደርቆ ከቆመ በቅቶታልና አርቁት። በቀን ሩብ ሰዓት ይበቃል፤ ደንግጦ የዋለበት ቀን ግን ይረፍ።

«ሁዳዴ ነው፣ ሥጋ ወደ ቤት አይገባም» የሚለኝ አለ። ጾሙ የታዘዘው ለእናንተ ነው፤ ውሻው አልተጠመቀም። ሙኬኔ የሚሉት ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣው ትንሹ ደረቅ ዓሣ በየገበያው አለ፤ ዋጋው ትንሽ፣ ሽታው ለውሻ ታላቅ ደስታ ነው። የዶሮ ወጥ ትራፊ ግን አትስጡት፤ ሽንኩርቱ ደሙን ይመርዘዋል፣ የተቀቀለው አጥንትም አንጀቱን ይወጋል።

ስለ ቀረው በአጭሩ ልናገር። በድንገት ባሕርዩ የተለወጠ ውሻ ሕመም ሊኖረው ስለሚችል ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። የእብድ ውሻ ክትባቱን በየጊዜው አስከትቡት፤ ይህ በሽታ በዓለም በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው እንደሚገድል ይገመታል፣ ሰውን ከሚይዘውም 99 ከመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂድ። ምክር የሚሻ ሰው ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህች ከተማ የሚሠራውን የኡጋንዳ የእንስሳት ጥበቃና እንክብካቤ ማኅበር ይጠይቅ።

የፈራ ውሻ አይለወጥም የምትሉ ወደ ሰሜን ተመልከቱ። በጉሉ ከተማ፣ በልጅነቱ በተቀበረ ፈንጂ ዓይኑን ያጣው ፍራንሲስ ኦኬሎ ኦሎያ ከመንገድ የተነሡ ውሾችን በጦርነት ነፍሳቸው ከቆሰለ ሰዎች ጋር ያገናኛል። ሰዎቹ ውሻውን በትዕግሥት ያሠለጥናሉ፤ ውሻውም ለእነርሱ ማረፊያ ይሆናል። እነዚያ ውሾች በድንጋይ የተሳደዱ ነበሩ። የእናንተ ውሻ ከእነርሱ በምን ያንሳል?

የሚያንሰው ሰው በማጣቱ ነው። ወደዚያው ስንፍናችሁ ተመለስሁ፤ ልቤ ከዚያ አልወጣምና። መጽሐፈ ጦቢት ጦብያ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር ሲጓዝ ውሻው እንደተከተለ ይነግረናል፤ የእናንተ ውሻ ግን ጌታውን የሚያየው በመስኮት ነው። እንግዳ እንደሚመጣ እያወቃችሁ ውሻውን ቀደም ብላችሁ ወደ ኋላ ክፍል አታስገቡትም። የበዓል ቀን ግቢው በሰው ሲሞላ ከመካከል ታስሮ ይውላል። ውሻው ለመለወጥ ወራት ያስፈልጉት ይሆናል፤ ከወንበር ለመነሣት ግን ወራት አያስፈልግም። አረጋውያን ውሻችሁን ፈርተው ከደጃችሁ ቀርተዋል፤ ምርቃታቸውም አብሮ ቀርቷል።

ስለዚህ ቃሌ ይህ ነው። በቀን ሩብ ሰዓት የሌለው ሰው ውሻ አይያዝ። የያዘም ዱላውን ይጣል፣ የግቢውን አጥር ያጥብቅ፣ ሰንሰለቱን ይፍታ፣ ለእንግዳ በሩን የሚከፍተውም እርሱ ራሱ ይሁን። እግዚአብሔር ለፍጥረቱ የሚራራ ልብ ይስጣችሁ።