የዓሣ ገንዳው ሚዛን

ሚዛን የሚለውን ቃል በሰማን ጊዜ በዐይነ ኅሊናችን የሚመጣው የገበያው ሚዛን ነው። በአንደኛው ሳሕን ብረቱ፥ በሁለተኛው ቡናው ይቀመጣል፤ አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ ይላል፤ ሁለቱ ትክክል በሆኑ ጊዜ ሻጭና ገዢ ተመሰጋግነው ይለያያሉ። ይህ ሥዕል ከልጅነታችን ጀምሮ በአእምሮአችን ስለ ተቀረጸ፥ በሁለት ወገኖች መካከል የሚነሣውን ጉዳይ ሁሉ በዚሁ እንመዝነዋለን። ለአንዱ የተጨመረው ከሌላው የተቀነሰ፥ በመካከል የቆመውም ዳኛ ሁልጊዜ ትክክለኛ ይመስለናል። እኛም ይህን አሳብ ያለ ጥርጥር ይዘን እንኖር ነበር፤ ስሕተቱን የገለጠልን ግን መጽሐፍ ሳይሆን፥ በምንሠራበት መሥሪያ ቤት በእንግዳ መቀበያው ክፍል የተቀመጠ አንድ የመስተዋት የዓሣ ገንዳ ነው።

ገንዳው ሁለት መቶ ሊትር ያህል ውኃ ይይዛል። ከታች አሸዋ፥ በአሸዋው ላይ አረንጓዴ የውኃ ተክል፥ በተክሉ መካከል አሥራ አራት ትንንሽ ዓሣዎች ነበሩበት። ጠባቂነቱን ማንም አላዘዘንም፤ በገዛ ፈቃዳችን ወሰድነው።

ትምህርት ቤት ሳለን የተማርነው ነገር ውብ ነበር። ዓሣው የሚያወጣውን የተቃጠለ አየር፥ ማለት ካርቦን ዳይኦክሳይድን፥ ተክሉ ይመገበዋል፤ ተክሉ የሚያወጣውን ኦክሲጅን ደግሞ ዓሣው ይተነፍሰዋል፤ የአንዱ ጥራጊ ለሌላው ሲሳይ ነው። ይህ ትምህርት ከሜዳ የተገኘ አይደለም። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1771 ዓ.ም. በሊድስ ከተማ ሳለ፥ ሻማ ነድዶ በጠፋበት የታፈነ አየር ውስጥ የናና ተክል አኖረ፤ ከጥቂት ቀን በኋላም በዚያው አየር ውስጥ ሻማ እንደገና ሲነድ አየ። የለንደኑ ኬሚስት ሮበርት ዋሪንግተን ደግሞ በ1849 ዓ.ም. አሥራ ሁለት ጋሎን በሚይዝ ዕቃ ሁለት ትንንሽ ወርቅማ ዓሣዎችንና ቫሊስኔርያ የተባለውን የውኃ ሣር አንድ ላይ አኑሮ፥ በሚከተለው ዓመት ሥራውን ለለንደን የኬሚስትሪ ማኅበር አስታወቀ። ሰዎች ከዚህ ታሪክ የሚያስታውሱት የሁለቱን ስምምነት ብቻ ነው። እኛን የሚያስደንቀን ግን ሌላው ክፍል ነው፤ የሣሩ አሮጌ ቅጠል እየበሰበሰ ውኃውን ስላበላሸበት፥ ዋሪንግተን የበሰበሰውን የሚበላ ቀንድ አውጣ መጨመር ግድ ሆነበት። ስምምነቱ ያለ ጠራጊ አልቆመም። በየመሥሪያ ቤቱም ሲመሰገኑ የምንሰማቸው ሁለቱ ናቸው፤ የቀንድ አውጣውን ስም የሚያነሣ የለም።

ከዚህም በላይ፥ ሆላንዳዊው ሐኪም ያን ኢንገንሃውስ በ1779 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጠው፥ ተክል አየርን የሚያድሰው በብርሃን ብቻ ነው። በጨለማ ጊዜ እርሱም እንደ እንስሳ አየሩን ያበላሻል። ቀን ሰጪ ተብሎ የተመሰገነው ተክል፥ ፀሐይ ስትጠልቅ ከዓሣው ጋር ከአንድ ማዕድ ይቀርባል ማለት ነው። እኛ ይህን በቃል እናውቀው ነበር፤ ነገር ግን ከቢሮ የምንወጣው በአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ስለ ነበረ፥ ገንዳውን በሌሊት አይተነው አናውቅም።

አሁን ስለ ገበያው ሚዛን ወደ ተናገርነው እንመለስ። በውኃ ውስጥ ኦክሲጅንና የተቃጠለ አየር እንደ ሁለቱ ሳሕኖች አይደሉም። አንዱ ስለ በዛ ሌላው አይወጣም፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊበዙ፥ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሊያንሱ ይችላሉ። በባሕር ወለል ከፍታ፥ ሙቀቱ 25 ዲግሪ የሆነ ውኃ ከአየር ጋር ሲመጣጠን በሊትር 8 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ይይዛል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ሩብ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ የእኛ ገንዳ ውኃ በሚገባ እየተናወጠ እንኳ ከ6 ሚሊግራም ብዙ አያልፍም። ይህን ያህል ጠባብ በሆነ ትርፍ ላይ ነው እንግዲህ እኛ ተክሉን ለማወፈር የተነሣነው።

ተክሉን የሚያወፍረው የተቃጠለው አየር ነው። ከአየር ጋር ብቻ በተመጣጠነ ውኃ ውስጥ የሚገኘው በሊትር ከአንድ ሚሊግራም በታች ሲሆን፥ የገንዳ ተክል አፍቃሪዎች እስከ 30 ሚሊግራም ያደርሱታል። እኛም ጋዝ የተሞላ ሲሊንደር የምንገዛበት ገንዘብ ስላልነበረን፥ ስኳርና የዳቦ እርሾ በጠርሙስ በጥብጠን፥ ጠላ በጋን ሲብላላ የሚወጣውን የመሰለውን አረፋ በቀጭን ቱቦ ወደ ገንዳው አስገባነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ቅጠሉ ገንዳውን ሞላው። እንግዶች እየቆሙ አደነቁ፤ አለቆቻችንም አመሰገኑን። የዓሣዎቹን ትንፋሽ የቆጠረ ግን አልነበረም፤ እኛም ራሳችን አልቆጠርንም። እርሾ ደግሞ ሌሊትና ቀን አይለይም፤ ሲሊንደር በማታ ይዘጋል፥ የእርሾ ጠርሙስ ግን መዝጊያ የለውም። የምንተማመነው ሌሊት ውኃውን በሚያናውጠው አንድ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ነበር።

አንድ ዐርብ ሌሊት መብራት ጠፋ። ፓምፑ ቆመ፤ ውኃው እንደ ዘይት ረጋ፤ ከእርሾው የሚወጣው መውጫ አጣ፥ ከአየር የሚገባውም ተቋረጠ። ዘበኛው አባባ ንጋት ላይ በባትሪ ብርሃን ሲያዩ ዓሣዎቹ ሁሉ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። እርሳቸውም አዝነው ከመሳቢያው ምግብ አውጥተው በተኑላቸው። ቅዳሜ ጧት ስንደርስ ዘጠኙ ሞተዋል።

ያን ጊዜ መጀመሪያ የከሰስነው መብራቱን ነው፤ ቀጥለንም፥ ማፈሪያ ቢሆንም እንናገረው፥ ሽማግሌውን ተቆጣናቸው። እርሳቸውም፥ «ጌታዬ፥ አፋቸውን ሲከፍቱ ባይ ራባቸው መስሎኝ ነው፤ ሌላ ምን እንደሆነ የነገረኝ የለም» አሉን። ለዚህ ቃል የምንመልሰው አልነበረንም። ዓሣ ወደ ውኃው ገጽ ወጥቶ ሲያፈጥጥ አየር አጥቶ እንደሆነ እናውቅ የነበርን እኛ ነን፤ ሌሊቱን ከገንዳው ጋር የሚያድሩት ግን እርሳቸው ነበሩ። ዕውቀቱ ማታ ከእኛ ጋር ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።

አንዳንድ ሰው፥ «ስለ ዘጠኝ ዓሣ ይህን ያህል መጻፍ ምን ያስፈልጋል? በየቀኑ በባቦጋያና በዝዋይ ስንቱ ይጠመድ የለምን?» ይለን ይሆናል። እውነት ነው፤ እኛም ዓሣ እንበላለን። ነገር ግን የሐይቅ ዓሣ ውኃው ሲከብደው ወደ ሌላው ዳርቻ ይሸሻል፤ ነፋስም ውኃውን ያናውጥለታል። በመስተዋት ውስጥ የዘጋነው ዓሣ ግን መሸሻም ነፋስም የለውም። እኛ ሽሽቱን በከለከልነው ሰዓት፥ የነፋሱን ሥራ ለመሥራት ሳንናገር ፈርመናል። ይህ ግዴታ ከፍቅር የመጣ አይደለም፤ ከመዝጋታችን የመጣ ነው። ዓሣዎቹን ባንወዳቸውም ኖሮ ግዴታው ያው ነበር።

ደግሞም እኛን ያሳሳተን መካከለኛውን መንገድ የመፈለግ ልማድ ይመስለናል። ለተክሉ ጥቂት እንጨምርለት፥ ዓሣውም ጥቂት ይቻለው ብለን ነበር፤ ሁለቱም እኩል የተጎዱበትን ነጥብ ፍትሕ አደረግነው። አርስቶትል ግን መካከሉ በቁጥር አይገኝም ብሎ አስተምሮ ነበር፤ ዐሥር ምናን ምግብ ለሰው ቢበዛ፥ ሁለትም ቢያንስ፥ ስድስቱ ለሁሉ ልክ ነው ማለት እንዳልሆነ ገልጧል። በገንዳው ውስጥ ያለው ጉዳት በዐይነቱ እንኳ አይተካከልም። የተቃጠለው አየር ሲያንሰው ተክሉ የሚያጣው ፍጥነቱን ነው፤ ሲበዛበት ዓሣው የሚያጣው ሕይወቱን ነው። ዴንማርካዊው ክርስቲያን ቦር ከባልደረቦቹ ጋር በ1904 ዓ.ም. እንዳሳየው፥ ይህ አየር በደም ውስጥ ሲበዛ ደሙ ኦክሲጅንን የመያዝ ኀይሉ ይላላል፤ ስለዚህ ኦክሲጅን በሞላበት ውኃ ውስጥ እንኳ ዓሣ ሊታፈን ይችላል። ፍጥነትንና ሕይወትን በአንድ ሚዛን አስቀምጦ መካከሉን መፈለግ፥ ሚዛን ሳይሆን ማጭበርበር ነው፤ እኛም ሳናውቀው አጭበርብረናል።

የእርሾውን ጠርሙስ አውጥተናል። በዝግታ የሚያድጉ፥ ጥቂት ብርሃን የሚበቃቸው ተክሎች ተክለናል፤ ፓምፑም ቀንና ሌሊት የውኃውን ገጽ ያናውጣል። ከሁሉ በፊት ግን ከአባባ ጋር አንድ ምሽት ከገንዳው አጠገብ ተቀምጠን የምናውቀውን ሁሉ ነገርናቸው፤ እርሳቸውም ሌሊት ያዩትን ነገሩን፤ ከእኛ ይልቅ የእርሳቸው ይበዛ ነበር። ባለፈው ሳምንት መብራት በጠፋ ሌሊት፥ ከገንዳው በጣሳ እየቀዱ ከክንድ ከፍታ መልሰው ሲያፈስሱ አደሩ። ጧት አምስቱም ዓሣዎች ከታች በተክሉ መካከል ነበሩ። እንግዶቻችን ግን ያ ያማረ ቅጠል ለምን እንደ ሳሳ ዛሬም ይጠይቁናል።