የታማሚዋ እንዝርት

ድጓ በሚመሰከርባት በቤተ ልሔም ዙሪያ፣ በጋይንት ምድር፣ እናቶች ከአመልማሎ ማግ ይፈትላሉ፤ ሸማኔም ጋቢ አድርጎ ይሠራዋል። እንዝርት ቀላል ናትና ሕመም ከደጅ ሥራ ያስቀራት እናትም በልጆቿ መካከል ተቀምጣ በደስታ ትፈትላለች። ቀኑን ሙሉ አንዲት ልቃቂት እንኳ ባትሞላ ግን ድካሟ ከንቱ ነውን?

ቅዱስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ሥራ በጻፉት መልእክት፣ የሥራ ክብር የሚመነጨው ከተሠራው ነገር ሳይሆን ከሠሪው ሰው መሆኑን አስተምረዋል። እንግዲያስ ሥራው ቢያንስ የሠሪዋ ክብር አያንስም፤ እጇ ዝሎ እንዝርቷ በሚያርፍበት ቀንም ያው ነው።

ስለዚህ ወገኖቻችን ሆይ፣ «እናቴ፣ ተይው፤ ዕረፊ» ለማለት አንቸኩል፤ አቅሟ የፈቀደውን ሥራ አንንፈጋት። አቅም ሲከዳትም አጠገቧ ተቀምጠን የጀመረችውን እንፍተልላት።