ሚስዋክ፦ በጥቅምና በአምልኮ መካከል

በጅቡቲ ከተማ፣ ቪላና ኤምባሲ በሚበዛበት በሀራሙስም ሆነ በሌሎቹ ሰፈሮች፣ አራክ ከተባለው ቁጥቋጦ ሥርና ቅርንጫፍ የሚቆረጠው መፋቂያ፣ ዐረቦች ሚስዋክ፣ ሶማሊዎች ዓደይ የሚሉት፣ ከጥርስ ማጽጃነት አልፎ የአምልኮ ድርሻ አለው። የአገሩ ሙስሊም በአብዛኛው የሚከተለው የሻፊዒ መዝሀብ፣ ማለትም የሸሪዓ ሕግ መንገድ፣ በውዱእ (ከሶላት በፊት በሚደረገው ትጥበት) እና በሶላት ጊዜ በሚስዋክ መፋቅን ሱና ያደርገዋል፤ ሱና ሲባል ግዴታ ሳይሆን የሚፈጽመው ሰው ምንዳ የሚያገኝበት ነቢያዊ ፈለግ ነው። ከነቢዩ የተላለፈ አንድ ሐዲስም መፋቂያውን አፍን የሚያጠራ፣ ጌታንም የሚያስደስት አድርጎ ሁለቱን በአንድነት ይጠቅሳል። ሁለተኛው የመጀመሪያው ውጤት ነው ወይስ ራሱን የቻለ ነገር?

ዛሬ ብዙ ሰባኪዎች መልሱን ከኬሚስትሪ ይሻሉ። የአራክ ሥር ልጡ ተልጦ ጫፉ ሲታኘክ ቃጫው እንደ ብሩሽ ይበተናል፤ በዚያው ቅጽበት በተክሉ ውስጥ ተለያይተው የኖሩ አንድ ድኝ ያለበት ውህድና አንድ ኢንዛይም ይገናኙና ቤንዚል አይሶታዮሳያኔት የተባለው ቅመም ይፈጠራል፤ የሥሩ የሚያቃጥል፣ ሰናፍጭን የሚያስታውስ ጠረን ከዚሁ የሚመጣ ነው። ቅመሙ ተክሉ ከሚበሉት ነፍሳት የሚከላከልበት መሣሪያ ሲሆን፣ በአፍ ውስጥ በተለይ ድድን የሚያውኩ ባክቴሪያዎችን ይገድላል፤ ስኳርን ወደ አሲድ ለውጦ ጥርስን በማቦርቦር በዋናነት የሚጠቀሰውን ስትሬፕቶኮከስ ሙታንስን ግን ያን ያህል አይጎዳም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 እ.ኤ.አ. ሚስዋክን መጠቀምን መክሯል።

ይህ ሁሉ ግን ሱናውን አያጸናውም፣ አያፈርሰውምም፤ እንዲያውም አምልኮን በላቦራቶሪ ውጤት የሚያስደግፍ ሰው፣ ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና ጥርስን ከመቦርቦር በተሻለ ይከላከላል የተባለ ዕለት ክርክሩን በገዛ እጁ ያስረክባል። የሻፊዒ ፉቀሃዎች፣ ማለትም የሕግ ሊቃውንት፣ ነገሩን ቀድመው ለይተውታል፤ ቆሻሻን የሚያስለቅቅ ማንኛውም ሻካራ ነገር ለሱናው ይበቃል ሲሉ ጥቅሙን አከበሩ፣ አራክ ይበልጣል ሲሉ ደግሞ ምክንያት ያደረጉት የነቢዩን ፈለግ መከተልን ነው። በ1388 እ.ኤ.አ. ያረፈው የአንዳሉሱ ሊቅ ሻጢቢም፣ መዝሀቡ ማሊኪ ቢሆንም፣ በዓለማዊ ጉዳይ ዋናው ነገር ጥቅምን መመልከት፣ በአምልኮ ግን መታዘዝ ነው ሲል ይህንኑ ልዩነት ደንብ አድርጎታል።

ልዩነቱ ገሃድ የሚወጣው በረመዳን ነው። በመዝሀቡ በታወቀው ብያኔ ጾመኛ ፀሐይ ከእኩለ ቀን ካዘነበለች በኋላ መፋቁ መክሩህ፣ ማለትም ባይደረግ የሚሻል ነው፤ ምክንያቱም የጾመኛ አፍ ጠረን በአላህ ዘንድ ከሚስክ ሽቶ የበለጠ የተወደደ መሆኑ በሐዲስ ተነግሯል። ቅመሙ ከቀትር በፊትም በኋላም ያው ነው፤ የአፍ ንጽሕና የትእዛዙ ብቸኛ ምክንያት ቢሆን ኖሮ ሰዓት የሚገድበው አይሆንም ነበር። በ1277 እ.ኤ.አ. ያረፉት ታላቁ የመዝሀቡ ሊቅ ኢማም ነወዊ ይህን ብያኔ ሳይቀበሉ ቀኑን ሙሉ መፋቅን ፈቅደዋል፤ እርሳቸውም ቢሆኑ የተነሱት ከጥርስ ጤና ሳይሆን ስለ ሚስዋክ የተነገሩት ሐዲሶች ሰዓት ሳይለዩ ጥቅል ከመሆናቸው ነው።