ስልክም ፍስክ አለው

ከመረጃ ብዛት ለመዳን የሚሰጠው ምክር ሰውን ብቻውን ከስልኩ ጋር ያፋጥጠዋል፤ ማሳወቂያውን ዝጋ፣ መተግበሪያውን አጥፋ፣ ራስህን ግዛ ይለዋል። ፍልሚያው ግን የእኩዮች አይደለም። አሜሪካዊው ምሁር ኸርበርት ሳይመን መረጃ ሲበዛ የሚመናመነው የተቀባዩ ትኩረት መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1971 አስረድቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ አዛ ራስኪን ቢወርዱት ቢወርዱት የማያልቅ ገጽ ቀረጸ፤ «ቀጣይ ገጽ» የሚለው ቁልፍ ሲቀር «ይበቃኛል ወይስ ልቀጥል?» የሚባልባት ቅጽበትም አብራ ቀረች። ራስኪን ኋላ ላይ በሥራው መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። ጸጸቱ ግን ገጹን አላሳጠረውም።

ማብቂያ ለማያውቅ ፍላጎት ድንበር ማበጀትን የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ከጾም ያውቁታል። የዓይንና የጆሮ ጾም አብሮ ይሰበካል፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ከስብከቱ ይልቅ አሠራሩ ነው። ረቡዕና ዓርብን፣ 55 ቀን የሚዘልቀውን ዐቢይ ጾምም የሚጾም ሰው በየሰዓቱ ከራሱ ጋር አይሟገትም። ቀኑ ተቆጥሮለታል፤ ብዙው ልኳንዳ ቤት ተዘግቷል፣ ምግብ ቤቱ በያይነቱ አቅርቧል፣ ጎረቤቱም ይጾማል። ፈቃዱ ቢዝል ሥርዓቱ ይደግፈዋል። ደስታም ቢሆን ጊዜ ተመድቦለታል፦ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ጾም ምግብን መጥላት ካልሆነ፣ ለስልክ ድንበር ማበጀትም ቀልዱን፣ መዝሙሩን፣ የሩቅ ዘመድን ፎቶ መናቅ አይደለም። የሚያሰለቸው ቀልዱ ሳይሆን አለማባራቱ ነው።

ከባዱ ተቃውሞ፣ ሥጋ ቆይ ቢሉት ይቆያል፣ የሰው መከራ ግን አይቆይም የሚለው ነው። በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲጀመር የክልሉ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር፤ በውጭ አገር ያለ የክልሉ ተወላጅ የእናቱን ወሬ ፍለጋ ፌስቡክ ላይ ቢያድር «ሱስ ነው» የሚለው ሰው ጨካኝ ነው። የጾም ሥርዓት ይህን ያውቃል፤ ሕመምተኛን አያስገድድም፣ ለእርሱ በመፍቀዱም ጾሙ ለሌላው አይፈርስም። ምንም ለማያደርግበት መከራ ሌሊቱን በቪዲዮ የሚገፋ ተመልካች ግን ለተጎጂው ምን ጨመረለት? መቆርቆር የሚመስለው ብዙው ነገር ማየት ብቻ ነው።

ስልክ ሲኖዶስ የለውም፣ ቀኑን ማን ይወስናል? የሚልም አለ። ኩባንያዎቹ እንደማይወስኑልን ግልጽ ነው፤ የሚያተርፉት ከአለማባራቱ ነውና። ይሁን እንጂ ስልኩን የሚያስከፍተን ብዙ ጊዜ የምናውቀው ሰው ነው፦ የቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ፣ ዕድሩ፣ የመሥሪያ ቤቱ አለቃ። እነዚህ ለመስማማት ጉባኤ አያሻቸውም። ሙስሊሙ በረመዳን መግሪብን ከጎረቤቱ ጋር ጠብቆ እንደሚያፈጥር ሁሉ፣ አንድ ቤተሰብም ረቡዕ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ግሩፑ ጸጥ ይበል ብሎ ሊወስን ይችላል። ያን ጊዜ መልስ ያልሰጠውን ሰው «ምን ሆኖ ይሆን?» ብሎ የሚጨነቅ አይኖርም፤ ግሩፑ ፍስክ በሆነበት ቅዳሜ ሲሳሳቁም የሚያመልጣቸው ነገር ያለ አይመስላቸውም።