ትንሿ መንደር አርስ

ቅዱስ ዮሐንስ ማርያ ቪያኒ እ.ኤ.አ. በ1818 ዓ.ም. ቆሞስ ሆኖ የገባባት አርስ፣ ከሊዮን በስተሰሜን የምትገኝ፣ 230 ያህል ነዋሪዎች የነበሯት የፈረንሳይ ገበሬዎች መንደር ነበረች። ከአብዮቱ ወዲህ እምነቷ ቀዝቅዞ፣ ሰንበትም የእርሻና የመጠጥ ቤት ቀን ሆኖ ነበር። ሰዎቿ የዘነጉ እንጂ ክፉዎች አልነበሩም፤ እኛም ካህናት ይህን ልዩነት ብናስተውል ምንኛ በጠቀመን! ቆሞሱ ስለ እነርሱ ጾመ፤ ቤት ለቤትም እየዞረ ስለ አዝመራቸውና ስለ ልጆቻቸው ጠየቀ። ዓመታት ፈጀበት። ኋላ ግን አንድ ገበሬ የእርሻ መሣሪያውን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እያስቀመጠ፣ በመንበረ ታቦቱ ፊት ያለ ቃል ለረጅም ጊዜ ይቀመጥ ጀመር። ምን እንደሚያደርግ ቢጠየቅ፣ እርሱ ጌታን እንደሚያይ፣ ጌታም እርሱን እንደሚያየው መለሰ። ቅዱሱም ይህን መልስ ለሕዝቡ ሲያስተምር እያነባ ይተርከው ነበር።